ሁለት ጆንያ የአደራ ማሽላ

ሐሙስ፣ መጋቢት ሰባት ቀን፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሩብ። ሸዋ ሮቢት ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ባለው ሰፈር፣ የሁለት ልጆች እናት የሆነች ሴት ሁለት ጆንያ ማሽላ በአህያ ጋሪ አስጭና ወደመጣበት ገጠር መለሰች። የጆንያዎቹ አፍ እንደተሰፋ ነበር።

በዚያን ዕለት ማስታወሻ ደብተሬ ላይ የጻፍኩት ይህን ብቻ ነው። ከሃያ ዓመት በላይ በዘጋቢነት ስሠራ የለመድኩት አጻጻፍ ስለሆነ ሰዓቱን፣ ቦታውንና የሆነውን አስፍሬ ደብተሩን ዘጋሁ። ማሽላው እንዲመለስ ያደረግሁት እኔ መሆኔን አልጻፍኩም። አሁን የምጽፈው እሱን ነው።

ሸዋ ሮቢት በሥራ ተዛውሬ ከመጣሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። የተከራየሁት ክፍል አራት በር ባለው ግቢ ውስጥ ነው። መሀሉ ላይ አንድ ትልቅ የማንጎ ዛፍ አለ። ረፋድ ላይ ቆርቆሮው መጋል ሲጀምር በየክፍሉ ያለ ሰው ሁሉ ዱካውን ይዞ ጥላው ሥር ይወጣል። ሽንኩርት የሚከተፈው እዚያ ነው፤ ሹሩባ የሚሠራው እዚያ ነው፤ እኔም ዜና የምጽፈው እዚያ ነበር። ስለዚህ በዚያ ግቢ የማንም ኑሮ ተደብቆ አይውልም። ማን ምሳ እንደበላ፣ ማን እንዳልበላ ይታወቃል። ይታወቃል እንጂ አይነገርም። በሁለት ዓመት ውስጥ ይህን አይቻለሁ፤ ማየት ግን መረዳት አልሆነልኝም።

የግቢው ባለቤት ስልሳውን ያለፉ ሴት ናቸው፤ ሁላችንም እትዬ እንላቸዋለን። ከእኔ ክፍል ቀጥሎ ባለው በር የምትኖረው ደግሞ ከአጣዬ የመጣችው ሴት ነበረች። ትውልዷ መንዝ ነው። በትዳር ወደ አጣዬ ወርዳ፣ ባሏ በሕመም ከሞተ በኋላም እዚያው ሱቅ ከፍታ ልጆቿን ታሳድግ ነበር። ከተማዋ ስትቃጠል ሱቁም ቤቱም አብሮ ነደደ። ከዚያ ወዲህ ከአንድ ዘመድ ወደ ሌላ ዘመድ ስትዞር ቆይታ ነው ሸዋ ሮቢት የደረሰችው። ትልቋ ልጇ ስምንተኛ ክፍል ናት። በመፈናቀሉ ምክንያት ትምህርቷን ሁለት ጊዜ አቋርጣለች። እናትየዋ ክፍሉን ልታይ የመጣች ዕለት ለእትዬ ስትነግራቸው ሰምቻለሁ፤

«እስከ ሰኔ ብቻ ነው የማስቸግርዎት። ልጅቷ ትፈተን። ከዚያ በኋላ ያለውን እኔም አላውቀው።»

ይህን ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ስትለው ሰምቻታለሁ። ስለምንም ነገር ስትጠየቅ መልሷ «እስከ ሰኔ» ነበር። ልጅቷም ታውቀዋለች። ማንጎው ሥር ተቀምጣ ስታነብ እናቷ ድስት አውርጂ ብላ እንኳ አታስነሳትም።

እናትየዋ ሽንኩርት በሚጫንበት ሜዳ የቀን ሥራ አገኘች። ከመስኖ የመጣውን ሽንኩርት ትልቁን ከትንሹ፣ ደህናውን ከበሰበሰው እየለየች ጆንያ ትሞላለች። ጥር ላይ ሥራው ብዙ ነበር። የካቲት እያለቀ ሲሄድ የሚመጣው መኪና ቀነሰ። ከመኪናው ጋር የሷም የሥራ ቀን ቀነሰ።

ሽማግሌው የመጡት በየካቲት የመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ረፋድ ላይ ነው። ነጭ ኮፊያ አድርገዋል፤ ሽርጥ ታጥቀዋል። አንድ የአህያ ጋሪ በር ላይ አስቁመው ገቡ። እኔ ጥላው ሥር ነበርኩ። እትዬ በተለመደው ድምፃቸው ተቀበሏቸው፤ ይተዋወቃሉ። ሽማግሌው ግን ወደ እትዬ ሳይሆን በሯ ላይ ወደቆመችው ሴት ዞሩ።

«አንቺ ልጄ፣ ቤትሽ ውስጥ ቦታ አይጠፋም?»

«ለምን አባባ?»

«ጎተራዬን ምስጥ በላብኝ። ይችን እህል አደራ አስቀምጪልኝ። ስፈልጋት እመጣለሁ።»

«እኔ ዘንድ? አያውቁኝም እኮ።»

«የእትዬ ተከራይ አይደለሽም? ይበቃኛል። ነው ወይስ ዝናብ ላይ ልጣላት?»

የካቲት ነው፤ ሰማዩ ላይ የእጅ መዳፍ የሚያክል ደመና አልነበረም። እትዬ በሳቅ ፈነዱ።

«ከየት የሚመጣ ዝናብ ነው ሐጂ?»

«አላህ ያመጣዋላ! አንቺን አማክሮ ነው የሚያዘንበው?»

ሴትዮዋም ሳቀች። እሺ አለች። ሁለቱ ጆንያዎች ገቡ። ከሰዓት በኋላ ክፍሏን ጠርጋ፣ ጥግ ላይ ብሎኬት ደርድራ፣ በብሎኬቱ ላይ ሳንቃ አጋድማ ጆንያዎቹን ከመሬት ከፍ አድርጋ አስቀመጠቻቸው። ዙሪያውን አመድ ነሰነሰች። ልጆቿን «የሰው አደራ ነው፤ እንዳትቀመጡበት» ስትላቸው በግድግዳው በኩል ተሰማኝ።

ከዚያ ሁዳዴ ገባ። ቀትር ላይ እሳት ሳታነድ ስትቀር «ጾም አይደል» ትላለች፤ እኛም እናምናታለን፤ ወይም ያመንን እንመስላለን። ትንሿ ልጇ ግን ለመጾም አልደረሰችም። ትንሿ ከትምህርት ቤት ስትመለስ መጀመሪያ የምትሄደው ወደ ውኃው ጀሪካን ነበር። ሁለት ኩባያ ጠጥታ ትተኛለች። እትዬ በዚህ ሰዓት ይጠሯታል። «ነይ እስቲ ይችን ማሾ ልቀሚልኝ፤ ዓይኔ አይለይም» ይላሉ። ስትለቅም ምሳ ይቀርባል፤ ብቻቸውን መብላት ስለማይወዱ አብራቸው ትበላለች። ዓይናቸው መርፌ ውስጥ ክር ሲያስገባ በዚህ ዓይኔ አይቻለሁ። ሌላ ቀን ደግሞ ሽሮ በሰሐን ይዘው እናትየዋ በር ላይ ይቆማሉ፤ «ጨው በዝቶብኝ እንደሆነ ቅመሺልኝ» ብለው። ሰሐኑ ለመቅመሻ ትልቅ ነበር።

በየካቲት መጨረሻ እትዬ ሙከራቸውን ትንሽ ገፉት።

«አንቺ፣ ያ ማሽላ አይነቅዝም?»

«አመድ ነስንሼበታለሁ እትዬ።»

«አመድ! ይሄ መንዝ መሰለሽ? የቆላ ነቀዝ አመዱንም ይበላዋል። አሁን አስፈጭተሽ ብትበይው፣ ኋላ በአዲስ ብትተኪላቸው ሐጂ ምን ይላሉ?»

«የሰው አደራ?»

«ትተኪላቸዋለሽ እያልኩሽ!»

«ከምን እተካለሁ? ባልተካውስ? ልጆቼን የሰው አደራ አብልቼ አላሳድግም እትዬ። ይቅር።»

እትዬ ቀና ብለው አዩኝ። አንድ ነገር እንድል የጠበቁ ይመስለኛል። እኔ ግን የማላውቀው ጉዳይ ውስጥ አልገባም ብዬ ወደ ጽሑፌ ተመለስኩ።

በማግሥቱ ሴትዮዋ ራሷ መጣች።

«ጋሼ፣ እርስዎ በየገጠሩ ይዞራሉ። እባክዎ ሽማግሌው እህላቸውን መቼ እንደሚወስዱ ያጣሩልኝ። ነቅዞ ቢያገኙት ምን ብዬ ፊታቸው እቆማለሁ?»

ማጣራት ሥራዬ ነው። እሺ አልኳት።

ማክሰኞ መጋቢት አምስት ቀን ሄድኩ። አስፋልቱ እስከሚያልቅበት በባጃጅ፣ ከዚያ በታጨደ የማሽላ ማሳ መሀል በእግር አንድ ሰዓት ያህል ነው። ሽማግሌውን ቁርቁራ ዛፍ ሥር የማረሻ እርፍ ሲጠርቡ አገኘኋቸው። ውኃ ቀረበልኝ። ከሰላምታ በኋላ ዓይኔ ጎተራውን ፈለገ። ከቤቱ ጎን ቆሟል፤ በጭቃ የተመረገ፣ ደህና፣ ሙሉ ጎተራ ነው።

«ምስጥ የበላው የቱ ነው?» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። «ፖሊስ ነህ?»

«ጋዜጠኛ ነኝ።»

«እሱስ ይብሳል» አሉና ሳቁ።

ለምን እንደመጣሁ ነገርኳቸው። ጆንያዎቹ እስካሁን እንዳልተከፈቱ ስነግራቸው መጥረቢያውን መሬት አስቀመጡት።

«አልከፈተችውም? አንዱንም?»

«አንዱንም።»

«ያ አላህ። ልጆቹስ?»

«ቀትር ላይ ሲበሉ ያየሁት እትዬ ቤት ብቻ ነው» አልኩ። ያየሁት ይህን ነበር፤ ከዚህ አልጨመርኩም።

ሽማግሌው እርፉን ወደ ጎን አደረጉት። ከዚያ፣ ለእንግዳ ሰው እንደሚነገር፣ ቀስ ብለው ነገሩኝ። በእነሱ መንደር እህል ለቸገረው ሲሰጥ «እንኪ» አይባልም። «እንኪ ያልካት ሴት በማግሥቱ መንገድ ላይ ስታይህ አንገቷን ደፍታ ታልፋለች። አስቀምጪልኝ ያልካት ግን ቀና ብላ ሰላም ትልሃለች፤ አንተን ያስቸገረችህ ሳትሆን አንተ ያስቸገርካት ናታ።» ተቀባዩ ይገባዋል፤ ከፍቶ ይበላል። ባለቤቱ አይመጣም። ሲገናኙም ስለ እህሉ አይነሳም። አባታቸውም እንዲሁ ያደርጉ ነበር። እንደ አደራ ተቆጥሮ ሳይነካ የተቀመጠ ጆንያ ግን በዕድሜያቸው አላጋጠማቸውም።

«የደጋ ሰው መሆኗን ረሳሁ» አሉ። «ጥፋቱ የኔ ነው። ስማ፣ እንዲህ በላት፤ ሐጂ እህሉ እንዳይነቅዝባቸው ሰግተዋል፤ አሁን ብሊው፣ ልጅሽ ተምራ ሥራ ስትይዝ በአዲስ ትተኪላቸዋለሽ ብለዋል በላት።»

«እንዲመለስ ብለው አይደለም እኮ የሰጡት» አልኩ።

«ትመልሰዋለች። እዚህ ባይሆን እዚያ» አሉና በጣታቸው ወደ ላይ አሳዩኝ።

«አባባ፣ እኔ ያልሆነ መልእክት አላደርስም። ሥራዬም ልማዴም አይደለም።»

ይህን ስል ኩራት ተሰምቶኝ እንደነበር አስታውሳለሁ። ማኅተም እንደማሳረፍ ያለ ኩራት። ሽማግሌው አልተቆጡም። መጥረቢያውን አንስተው ስለቱን በአውራ ጣታቸው ሞከሩ።

«እንግዲያው ምንም አትበላት። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ እኔ ራሴ መጥቼ አናግራታለሁ። ረመዳን ሳይገባ ይህ ነገር ማለቅ አለበት። እስከ ዓርብ ዝም ማለት አያቅትህም አይደል?»

አያቅተኝም አልኩ።

ረቡዕ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከሥራ ስመለስ ግቢው ሙሉ ነበር። እትዬ አሉ። ሌሎቹ ሁለት ተከራዮች አሉ። ትልቋ ልጅ ማንጎው ሥር መጽሐፍ ይዛለች። ሴትዮዋ ምስር ትለቅም ነበር፤ ስታየኝ ተነሳች።

«አገኟቸው ጋሼ? መቼ ይወስዱታል አሉ?»

ኋላ ሳስበው እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ቆሜአለሁ። መዋሸት አያስፈልገኝም ነበር። «ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ይመጣሉ» ማለት እችል ነበር፤ እውነት ነው፣ ከባለቤቱ አፍ የሰማሁት ነው፣ ሁለት ቀን ያቆያታል። አፌ ላይ የመጣው ግን ያ አልነበረም። ምስሩ በጣም ትንሽ ነበር። ልጆቹ እህል አጠገብ እየተኙ መራባቸው ሞኝነት መስሎ ታየኝ፤ አንድ ዓረፍተ ነገር የሚፈታው ሞኝነት። እኔ ደግሞ ያ ዓረፍተ ነገር ነበረኝ።

«አይወስዱትም» አልኳት። «ጎተራቸውን ምስጥ አልበላውም፤ ሄጄ አይቻለሁ። እህሉ አደራ አይደለም። ለእናንተ የተሰጠ ስጦታ ነው።»

ሌሎቹ ተከራዮች ቀና ብለው አዩን።

«ስጦታ?» አለች። «ማን ለምኗቸው?»

«ማንም አልለመናቸውም። በራሳቸው...»

«ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር?»

እትዬን አየቻቸው። እትዬ ዓይናቸውን አላነሱም። ልጅቷ መጽሐፉን አጠፈችው። ሴትዮዋ ምስሩን ከሰፌዱ ወደ ሰሐኑ አፈሰሰች፤ መሬት የወደቁትን ሁለት ሦስት ፍሬዎችም ጎንበስ ብላ ለቀመች።

«እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፤ ደክመው ስላጣሩልኝ» አለችና ገባች።

በሩ ሲዘጋ እትዬ ወደ እኔ ዞሩ።

«ምን አደረግህ አንተ?»

«የሆነውን ነገርኳት።»

«የሆነውንማ ሁላችንም እናውቀው ነበር! አንተ ብቻ የምታውቀው መሰለህ? ስንት ጋዜጣ አንብበህ ነው እንዲህ የሆንከው?»

ሐሙስ ጠዋት ጋሪው መጣ። ጆንያዎቹ ከባድ ነበሩ፤ ባለጋሪው አንድ ጫፍ ሲይዝ እኔ ሌላውን ያዝኩ። አልከለከለችኝም፤ አላየችኝምም። ነጠላዋን አጣፍታ ከጋሪው ኋላ በእግሯ ሄደች። እስከ ቀትር አልተመለሰችም።

ዓርብ ሽማግሌው አልመጡም። የሚመጡበት ምክንያት ቤታቸው ገብቶላቸዋል።

ቅዳሜ ማለዳ እኔ ወደ እሳቸው ሄድኩ። ይቅርታ ልጠይቅ ነበር፤ ለይቅርታውም ቃል መርጬ ነበር። ሽማግሌው እስክጨርስ አልጠበቁም።

«ለምን ለእሷ? ብለህ አልጠየቅኸኝም እኮ» አሉ።

እውነታቸውን ነበር። ማን፣ መቼ፣ የት፣ ምን፣ ሁሉንም ጠይቄአለሁ። ለምን የሚለውን፣ ለጀማሪ የማስተምረውን ጥያቄ፣ ዘልዬዋለሁ። በልቤ መልሱን ስለያዝኩ ነው፤ ተፈናቃይ ናት፣ ድሃ ናት፣ ሰጧት።

ሽማግሌው ነገሩኝ። ማሾ በአይሱዙ ጭነው አጣዬ ለመሸጥ በሚሄዱበት ዘመን፣ መኪና ሲጠብቁ የሚውሉት አንዲት ሴት ሱቅ በረንዳ ላይ ነበር። ሴትዮዋ ክርስቲያን ናት። የሶላት ሰዓት ሲደርስ ማንቆርቆሪያ ሙሉ ውኃ ታወጣላቸዋለች። ከሱቁ ጀርባ ንጹሕ ሰሌን አንጥፋ «እዚያ ጥላ አለ» ትላለች። እስኪጨርሱ ድረስ የሬዲዮውን ድምፅ ትቀንሳለች። ከሱቋ አንድ ብስኩት ያልገዛ ሰው እንኳ ይህን ያገኝ ነበር።

«ስንት ዓመት!» አሉ። «እኔን ለይታ አታስታውሰኝም። ለእሷ ሁላችንም ጢማችን አንድ ነው። እኔ ግን ሽንኩርት ሜዳ ላይ ጎንበስ ብላ ሳያት በአንድ ጊዜ አወቅኋት። ልጄ፣ ያ ማሽላ ስጦታ አልነበረም። እሷ እኔ ዘንድ ያስቀመጠችው ነው፤ እሱን ነው የመለስኩላት።»

«ሐሙስ ስትመጣ ለምን አልነገሯትም?»

«በር ላይ አራገፈችና ሄደች። ውኃ እንኳ አልጠጣችም። ጠራኋት። እንዴት ብዬ ልሩጥ በዚህ እግሬ?»

«ስጦታ ነው» ብዬ በግቢው ሰው ሁሉ ፊት የተናገርኩት ነገር ስህተት ነበር። በሥራችን ስህተት የሠራ ሰው እርማት ያወጣል። እርማቱን ይዤ፣ በማሳው መሀል ግማሹን መንገድ እየሮጥኩ ተመለስኩ። ሰዎች ያዩኝ ነበር።

ግቢ ስደርስ ስድስት ሰዓት ሆኗል። የክፍሏ በር ክፍት ነው፤ ውስጡ ተጠርጓል። ብሎኬቶቹ ግድግዳው ጥግ ላይ ተደርድረዋል። እትዬ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ማሾ ይለቅሙ ነበር፤ ብቻቸውን።

«በሦስት ሰዓቱ መኪና ሄዱ» አሉ።

«ወዴት?»

«አልጠየቅኋትም።»

«እንዴት አይጠይቋትም እትዬ?»

«ብትነግረኝ ትነግርብኛለህ ብዬ» አሉ። የቀልድ አነጋገር ነበር፤ ግን አልሳቁም።

ስልኳ ዝግ ነበር። በሚቀጥሉት ሳምንታት አጣዬ ሄጄ ሱቋ በነበረበት አካባቢ ጠየቅሁ፤ ማጀቴ ያለ አንድ ዘመዷንም አገኘሁ፤ ደብረ ብርሃንም ሰው አፈላለገልኝ። ያያት አልተገኘም። ሽማግሌው ሁለት ጊዜ በሰው ስልክ ደውለው «አገኘሃት?» ብለውኛል። ሁለት ጊዜም አላገኘኋትም ብያቸዋለሁ። ሌላ የምለው ነገር ቢኖረኝ በወደድኩ፤ እውነት ባይሆንም።

በሰኔ ወር ፈተናው ያለቀ ዕለት ከሰዓት በኋላ ልጅቷ ትማርበት ወደነበረው ትምህርት ቤት ሄድኩ። ርዕሰ መምህሩ መዝገቡን ከፈቱልኝ። ልጅቷ ለፈተናው ተመዝግባ ነበር። በአንዱም ቀን አልቀረበችም።